አርባ እርምጃ

ከቲቢው ክፍል ደፍ እስከዚያኛው በር
አርባ እርምጃ ነበር።
እኔ ነኝ የቆጠርኩት፤
ጸሐፊ ነኝ፣ ለመቁጠር ነው የተቀጠርኩት።

በኩቲንግ ተራራ፣ በቆርቆሮው ጣራ፣
ነፋስ ሳይጠራ ገብቶ በሚያወራበት ስፍራ
ሁለት መዝገብ ነበር፤ አረንጓዴው የሳል፣ ሰማያዊው የደም፤
አንዱ ክፍል ለሌላው ሰላምታም አይሰድም።

በሁለት ቢላ የሚበላ ሲሉ
ሰው ይመስለኝ ነበር፣ ሹም ወይ ደላላ፤
ለካ በሽታም አለ እንዲያ የሚበላ።
አንዱ ዘበኛውን ቀስ ብሎ ያንቀዋል፤
ሌላው ከውጭ አይመጣም፣ ቤቱን ያውቀዋል፤
ዌልኮም፣ ከመሬት በታች ሁለት ሺህ ሜትር ላይ
ከወርቁ አቧራ ጋር የገባ ነው፤ ፀሐይ ሳያይ
ዓመታት ደረት ውስጥ ተኝቶ
የነቃ፣ ጠባቂ ጠፍቶ።

ጼሊሶ ወርቅ ቆፋሪ ነበር፤
ወርቅ ግን አላመጣም።
አንድ ራዲዮ፣ አንድ ጥንድ ቡትስ ጫማ፣
ለሚስቱ ለማኔኦም
ስሙ የማይነሳ ነገር።

ሐሙስ ቀን መጣ፣ በወንድሙ ፈረስ።
ከኮርቻው የወረደው
ሰው ሳይሆን ብርድ ልብስ ነው የሚመስለው።
ሲስተር ፑሌንግ አክታውን በብልቃጥ ተቀበለች፤
«ቲቢ ነው» አለች።
«ደምህን ደግሞ እዚያ» — በአገጯ ጠቆመች፣
«እዚያ ግን ማክሰኞ ነው።»

አርባ እርምጃና አምስት ቀን።

ማክሰኞ መጣ፣ እሱም መጣ፤
ስድስት ጊዜ ቆሞ፣ አንዴ ተቀምጦ፣
የብርድ ልብሱን ጫፍ በጥርሱ ቆንጥጦ፣
ደረሰ። ቁጥሩን ነገሩት፤ ሃያ ሦስት።
ጤነኛ ደም የሚያሰልፈው ስምንት መቶ ወታደር፣
እሱ በሃያ ሦስት ነበር የሚያድር።
«መድኃኒቱን ለመጀመር በወሩ ተመለስ» አሉት።
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።
«ወር?» አለ፣ «ወር ያለው ሰው እኮ አልታመመም።»

በአሥራ አንደኛው ቀን በአረንጓዴው ላይ
«ሞተ» ብዬ ጻፍኩ።
እዚያ ማዶ ባልደረባዬ፣ በሰማያዊው፣
«ከቀጠሮ የቀረ» ብሎ ጻፈ።
አንድ ሰው፤
እዚህ የሞተ፣ እዚያ የጠፋ።

ያን ማታ ጠረጴዛውን ተሸከምነው
እኔና ፑሌንግ፣ አንድ እግሩ ይወዛወዛል፤
ከማሴሩ ደብዳቤ አልመጣ፣ ማንም አላዘዘን።
አርባውን እርምጃ ጠረጴዛ ሄደበት፣
ዳግመኛ በሽተኛ እንዳይሄድበት።
(ቁልፉን ያልሰጠን ዘበኛ እስከ ዛሬ ያኮርፈናል።)

ማኔኦ በረዶ በወደቀ ሰሞን መጣች።
ያው ሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይሻላል፤ ስልሳ አንድ።
በአንድ በር ገባች፣
መጀመሪያ ለሳሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ለደሙ።
ከዚያ ትኩሳቱ ባሰ፣ አንገቷ አበጠ፣
«እየገደላችሁኝ ነው!» ብላ ጮኸች።
ፑሌንግ ግን «እየነቃ ነው» አለቻት፣ «ዘበኛሽ፤
ሲነቃ ዕቃ ይሰብራል፣ ታገሺ እባክሽ።»

ሽንቷ ብርቱካን ሲመስል መጀመሪያ ደነገጠች፣
ኋላ ግን በሳቅ ፈረሰች፤
«ባሌ ወርቅ ሊያመጣልኝ ነበር የሄደው» አለች።

በስድስተኛው ወር አረንጓዴውን ዘጋሁላት፤ «ዳነች»።
ማንበብ ከእኔ ትሻላለች፤ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች፣
የሱን ስም ፈልጋ አገኘች፣
አረንጓዴው ላይ ዝም አለች፣ ሰማያዊው ላይ ግን
«ቀረ ያላችሁት የት ፈልጋችሁት ነው?
ከቤቴ ጓሮ ነው ያለው።»

መልስ አልነበረኝም። ገጹን ገለጠች።
«የእኔስ?»
በሰማያዊው፣ ከስሟ ትይዩ፣ የመጨረሻው ዓምድ
ባዶ ነው።
«ምን ሊጻፍበት ነው?»
እስክሪብቶዬን ከደንኩ።
ነፋሱ ገብቶ ገጹን ሊገለብጥ ሲል
በክርኗ ያዘችው።